ከደሴ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? የአንዲት እናት ጉዞ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

የምሠራው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትኬት ቢሮ ውስጥ ነው። ሰው ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ቀጥሎ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ይላል። ጅዳ ለሚሄድ ሰው መልሱ ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ ጅዳ የሁለት ሰዓት ከምናምን በረራ ነው። ቁርሱን ቦሌ የበላ ሰው ምሳውን እዚያ ይበላል። አሜሪካ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። የሁለቱን ከተሞች ስም ስልክ ላይ ሲጽፉ የሚወጣው ቁጥር ብዙ ቤተሰብ ያሳስታል። መንገደኛዋ መድኃኒት በሰዓት የምትወስድ፣ እንግሊዝኛ የማትችል እናት ስትሆን ደግሞ ነገሩ ከመጉላላት አልፎ ለጤና ያሰጋል።

ይህን ጉዳይ የጻፍኩት ቤተሰቡን አስፈቅጄ ነው። ስምና ሰፈር አልጠቅስም።

የቤተሰቡ ሁኔታ

እናትየው ስድሳዎቹን ያገባደዱ የደሴ ነዋሪ ናቸው። ከስኳር በሽታ ጋር ብዙ ዓመት ኖረዋል። ኢንሱሊን በቀን ሁለቴ፣ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ይወስዳሉ። አምስት ወቅት ሶላታቸውን አያስተጓጉሉም። ከዚህ በፊት አውሮፕላን የተሳፈሩት ለሐጅ ሲሄዱ ብቻ ነው። ያኔ በቡድን ስለነበሩ ሰዓቱንም ወረቀቱንም ሌላ ሰው ነው የያዘላቸው።

ልጃቸው ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስለሆነ እናቷ መጥተው እንዲያርሷት ለመነች። ቪዛው ተሳካ። ትኬቱን እሷ ከዚያ ቆረጠች። ደሴ ያለው ታላቅ ወንድሟ ትኬቱን በስልኩ ይዞ እኔ ጋ የመጣው የአገር ውስጡን በረራ እንዳገናኝለት ነበር።

ሰፈሩ በምክር አልሰነፈም። ጅዳና ቤይሩት የኖሩ ጎረቤቶች በየተራ እየመጡ የሚያውቁትን ተናገሩ። ምክራቸው በቅን ልቦና የመጣ ነው፤ መለኪያው ግን የአጭር በረራ መለኪያ ነበር። «ትንሽ ሸለብ ስታደርጊ ትደርሻለሽ» ያሏቸው ሴትዮ የተናገሩት እውነታቸውን ነው። እሳቸው የሄዱት ጅዳ ነው።

ችግሩ

ቤተሰቡ ሁሉን ነገር ያቀደው «13 ሰዓት» በሚል ቁጥር ላይ ነበር። ወንድምየው ከኢንተርኔት ያገኘው ነው። ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በረራው 13 ሰዓት ይላል። ከዚህ ተነስተው እናትየው ማታ ኢንሱሊናቸውን ቦሌ ተወግተው ይሳፈራሉ፣ የጠዋቱን ልጃቸው ቤት ደርሰው ይወጋሉ ብለው አሰቡ። ለመንገድ ምግብ መያዝም አስፈላጊ አልመሰላቸውም።

ትኬቱን ሳየው ግን አውሮፕላኑ የሚነሳው 22:30 ነው። ዋሽንግተን የሚደርሰው በማግስቱ 8:00 ነው። ቤተሰቡ ይህን በሁለት መንገድ ነበር ያነበበው። ወንድምየው ከ22:30 እስከ 8:00 ቆጥሮ «እንዲያውም 9 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው» አለ። የሁለቱን አገር የሰዓት ልዩነት አላሰበውም። ልጅቷ በበኩሏ ልዩነቱን 8 ሰዓት አድርጋ ቆጠረችና 17 ሰዓት ተኩል አገኘች። እሷ ትኬት የቆረጠችው በክረምታቸው ነው፤ ያኔ ልዩነቱ በእርግጥ 8 ነበር። አሜሪካኖች ግን በመጋቢት ወራቸው ሁለተኛ እሑድ ሰዓታቸውን በአንድ ወደፊት ይገፋሉ። እስከ ኅዳር ወራቸው መጀመሪያ እሑድ ድረስ ልዩነቱ 7 ነው። ጉዞው በሚያዝያ ስለሆነ ትክክለኛው 16 ሰዓት ተኩል ነው። አንድ ትኬት ይዞ አንድ ቤተሰብ 9፣ 13 እና 17 ሰዓት ይላል።

ሌሎች ሁለት ችግሮችም ወጡ። ትኬቱ ላይ ያለው ቀን 18 ነው፤ በፈረንጅ ሚያዝያ። የልጆቹ አጎት «ሚያዝያ 18» ብለው ለዘመድ ሁሉ ተናግረው ነበር። በእኛ አቆጣጠር ግን ሚያዝያ 10 ነው። ስምንት ቀን ቀርቶናል ብለው የሚያስቡበት ቀን የጉዞው ቀን ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው የሰዓት አቆጣጠር ነው። ከኮምቦልቻ የሚነሳው በረራ 10:40 ይላል። አጎትየው ይህን ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ከ40 ብለው አንብበው፣ ኤርፖርት የሚያደርሳቸውን ባለመኪና 8 ሰዓት እንዲመጣ ቀጥረውታል። 10:40 በእኛ ጠዋት 4 ሰዓት ከ40 ነው። ባለመኪናው ሲመጣ አውሮፕላኑ አዲስ አበባ ካረፈ ቆይቷል።

ይህን ስነግራቸው አጎትየው ወረቀቱን ተቀብለው ደግመው ደጋግመው አዩት። «እሱስ የት ላይ ነው ጠዋት የሚለው?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የትም ላይ አይልም።

13 ሰዓቱ ከየት መጣ? 16 ሰዓት ተኩሉስ?

ቤተሰቡ በጣም የጠየቀኝ ይህንን ስለነበር ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ስልክ ላይ የሚወጣው 11,500 ኪሎ ሜትር በምድር ክብ ላይ የሚሰመረው አጭሩ መስመር ነው። ቁጥሩ ለአውሮፕላን የተለመደ ፍጥነት፣ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚጠጋ ፍጥነት ሲካፈል 13 ሰዓት ይወጣል። ሌላ ምንም አልተጨመረበትም። ንፋስ የለበትም፣ ማረፍ የለበትም፣ የተዘጋ ሰማይ የለበትም።

አጎትየው ካርታ ላይ አይተው «ምነው ቀጥ ብሎ በአትላንቲክ አይሄድም፣ ወደ ሰሜን ምን ይዞረዋል?» ብለው ጠየቁ። የልጅ ኳስ አምጥተን አዲስ አበባና ዋሽንግተን ሊሆኑ የሚችሉ ሁለት ነጥቦች ላይ ክር ወጠርን። ክሩ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ጎበጠ። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ጠማማ የሚመስለው መስመር በክቡ ምድር ላይ ቀጥተኛው እሱ ነው። አጭሩ መስመር በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በአልጄሪያ፣ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል አልፎ ነው ውቅያኖሱ ላይ የሚወጣው። አብዛኛው የሱዳን ሰማይ ግን ጦርነቱ ከተነሳበት ከ2015 ዓ.ም ሚያዝያ ወዲህ ለመንገደኛ በረራ ተዘግቶ ቆይቷል። ሊቢያንም ብዙ አየር መንገዶች ይሸሹታል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ይዞራል፤ የሚሄደውም ከ11,500 በላይ ነው።

ዋናው ምክንያት ግን ቦሌ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ክንፉ የሚያገኘው ማንሻ ኃይል ይቀንሳል፣ ሞተሩም አቅሙ ይቀንሳል። አውሮፕላኑ መንገደኛና ሻንጣ ሞልቶ፣ ለዚህ ሁሉ ርቀት የሚበቃ ነዳጅም ጨምሮ ከዚያ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ነዳጁን ቀንሶ ይነሳና መሀል ላይ አርፎ ይሞላል። የሚያርፍበት ከተማ በየጊዜው ይቀያየራል፤ ደብሊን ለዓመታት ከእነዚህ ማረፊያዎች አንዷ ነበረች። ለማረፍ መውረድ፣ መሙላትና እንደገና መነሳት ጊዜ ይበላል። በዚያ ላይ ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ኃይለኛ ንፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ በመሄጃው አውሮፕላኑን ከፊት ይገፋዋል።

በመልሱ ሁሉም ይገለበጣል። የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ከፍታው 95 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አየሩ ወፍራም ነው፣ አውሮፕላኑ ነዳጁን ሞልቶ ይነሳል፣ ንፋሱም ከኋላ ይገፋዋል። ያለ ማረፊያ በ13 ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ይገባል። ስልኩ የነገራቸው 13 ሰዓት ለመልሱ ጉዞ ትክክል ነበር።

ስለ ከፍታ ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። ጎረቤት «ላይ ላይ አየር ያጥራታል፣ ልቧን ያፍናታል» ብሎ እናትየውን አስፈራርቷቸው ነበር። የአዳዲሶቹ ድሪምላይነርና ኤርባስ 350 አውሮፕላኖች ውስጠኛ አየር የሚጠበቀው ከ1,800 ሜትር ከፍታ ጋር በሚመጣጠን ደረጃ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት። ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። የደሴ ሰው እዚያ ውስጥ ሲቀመጥ ከቤቱ ይልቅ ወፍራም አየር ነው የሚተነፍሰው። ይህን ስነግራቸው እናትየው «ታዲያ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ እንደመቀመጥ ነዋ!» ብለው ሳቁ። ፍርሃታቸው ያኔ ነው የለቀቃቸው። የአውሮፕላን አየር የሚያስቸግረው በደረቅነቱ ነው። አፍና ዓይን ያደርቃል፤ ውኃ መጠጣት ግዴታ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ ያደረግነው ሁሉንም በአንድ ሰዓት መጻፍ ነው። የመረጥነው የእናትየውን የእጅ ሰዓት ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሄደውን። ግማሽ ወረቀት ላይ የልጅ ልጅየው በትልልቅ ፊደል ጻፈው። በቀኝ በኩል እሳቸው ያሉበት ሰዓት፣ በግራ በኩል በዚያ ሰዓት የሚሆነው። «ማታ 1፦ እራት፣ መርፌ። ማታ 3፦ ሶላት ሰግዶ መጨረስ። ማታ 4 ተኩል፦ አውሮፕላን ይነሳል። ጠዋት 1፦ ምግብ ሲቀርብ መርፌ። ከሰዓት 9፦ ዋሽንግተን፤ እዚያ ገና ጠዋት ነው» እያለ ይሄዳል። የፈረንጅ ሰዓት ወረቀቱ ላይ የለም። የፈረንጁን ሰዓት የምታውቀው ልጅቷ ናት፣ የምትቀበላቸውም እሷ ናት።

ሁለተኛው ሐኪም ነው። ወረቀቱን ይዘው የሚከታተላቸው ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ወደ ምዕራብ ሲኬድ ቀኑ በ7 ሰዓት ይረዝማል፤ በሁለት መርፌ መካከል ያለው ጊዜ እንዴት እንደሚሞላ የሚወስነው እሱ ብቻ ነው። መጠኑንም ሽግግሩንም በእጁ ጻፈላቸው። አጥብቆ የነገራቸው አንድ ነገር ነበር፤ ምግቡ ፊትዎ ሳይቀርብ መርፌ አይወጉም። አውሮፕላን ላይ ምግብ የሚመጣው እነሱ ባሉት ጊዜ እንጂ እርስዎ ባሉት ጊዜ አይደለም፤ ተወግተው ምግብ ቢዘገይ ስኳርዎ ይወርዳል አላቸው። ኢንሱሊኑና መርፌው በእጅ ቦርሳ እንዲያዝም አዘዘ። ታች የሚጫን ሻንጣ ውስጥ ኢንሱሊን በረዶ ሊሆንና ሊበላሽ ይችላል። ፍተሻ ላይ የሚታይ የእንግሊዝኛ ደብዳቤም ጻፈ።

ሦስተኛው የአገር ውስጡ በረራ ነው። ቤተሰቡ ያሰበው ጠዋት ከኮምቦልቻ ተነስቶ በዚያው ቀን ማታ ከቦሌ መብረር ነበር። በወረቀት ላይ ሰፊ ጊዜ ይመስላል። የኮምቦልቻ ኤርፖርት ግን በተራራ መሀል ነው፤ ደመና ሲወርድ በረራ ይዘገያል ወይም ይቀራል። በመኪና እንሂድ ቢባል ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጣርማበርን ተሻግሮ ሙሉ ቀን ይወስዳል፣ በጸጥታ ምክንያት መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ስለዚህ የኮምቦልቻውን በረራ በሁለት ቀን አስቀደምነው። አጎትየው መጀመሪያ የአልጋ ወጪ ነው ብለው ተከራከሩ። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሲገኝ ተስማሙ።

አራተኛው ዊልቸር ነው፤ እዚህ ላይ ክርክሩ ጠነከረ። እናትየው «እኔ ሽባ ነኝ እንዴ ልጄ? በእግሬ ገበያ የምወጣ ሰው!» አሉ። ልጆቹም አፈሩ። እኔ ያልኳቸው ዊልቸር መጠየቅ ለእግር ብቻ አይደለም፤ ወንበሩን የሚገፋ ሰው አብሮ ይመጣል ነው። ያ ሰው በፍተሻው፣ በበሩ፣ በኢሚግሬሽኑ አብሮ ይቆማል። ቋንቋ ለማያውቅ ሰው መንገድ መሪ ማለት ነው። ይህን ሲሰሙ እሺ አሉ።

የቀረውን በአጭሩ። ከሻንጣው ቋንጣው ወጣ፤ ሥጋ ወደ አሜሪካ አይገባም። በርበሬና ሽሮው ሻንጣው ውስጥ ቀረ። መቀመጫው ለመነሳት እንዲመች በመተላለፊያው በኩል ተያዘ። የልጅቷ ስልክና አድራሻ፣ የስኳር ሕመምተኛ መሆናቸውም በእንግሊዝኛ ካርድ ላይ ተጽፎ አንገታቸው ላይ ተንጠለጠለ። ስለ ሶላቱ ሸሁ ዘንድ ሄደው ጠየቁ። መንገደኛ ሶላት ማሳጠር እንደሚፈቀድለት ነገሯቸው፤ ሱብሂን ደግሞ በሰዓት ሳይሆን ጎህ ሲቀድ አይተው እንዲሰግዱ።

ጉዞው እንዴት ሆነ

ከደሴ በተነሱበት ጠዋት ሐረጎ ላይ ደመና ነበር። ዱዓው ተደርጎ፣ ቡናው ተጠጥቶ፣ ግማሹ ሰፈር ሸኝቶ ኮምቦልቻ ሲደርሱ በረራው በአየር ጠባይ ምክንያት እንደቀረ ተነገራቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ የጉዞው መጨረሻ ነበር። ሁለት ቀን ስለነበራቸው ግን ወደ ደሴ ተመለሱ፣ በማግስቱ በረሩ፣ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት አደሩ። በመጀመሪያው ዕቅድ ሄደው በጉዞው ዕለት እንዲህ ቢገጥማቸው ኖሮ የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ጥሏቸው ይሄድ ነበር።

ቦሌ ላይ ዊልቸሩ ጠበቃቸው። ወንድምየው ከበሩ ውጭ ሲቀር እናትየው ከሚገፋቸው ልጅ ጋር አማርኛ እያወሩ ገቡ። አውሮፕላኑ ውስጥ ከጎናቸው፣ በመስኮቱ በኩል፣ የወልዲያ ልጅ ተቀመጠች። «አብሽሪ እናቴ፣ እኔ አለሁ» ያለቻቸው ገና ቀበቶ ሲያስሩ ነው። ይህ ዕድል ነው፣ ዕቅድ ውስጥ አይገባም። ዋሽንግተን በሚሄድ አውሮፕላን ላይ አማርኛ የሚናገር ሰው ማግኘት ግን ብዙ አያስቸግርም፤ ለመንገደኛ እናት «ጎረቤትዎን ሰላም ይበሉ፣ ስኳር እንዳለብዎ ይንገሩ» ብሎ መምከር ያዋጣል።

ሌሊቱ ረዘመ። አውሮፕላኑ ከፀሐይ ፊት ፊት ስለሚሄድ የእጅ ሰዓታቸው ጠዋት 12 ሲል ውጭው ድቅድቅ ጨለማ ነበር። እናትየው በየጊዜው «ልጄ፣ ነጋ?» ይላሉ፤ ልጅቷ የመስኮቱን መከለያ ከፍ አድርጋ «ገና ነው እናቴ» ትላለች። ጎህ የቀደደው በእሳቸው ሰዓት ብዙ ቆይቶ ነው። በተቀመጡበት ሰገዱ። የሸሁ ምክር ባይኖር በሰዓት ሰግደው ኋላ ልባቸው ሲረበሽ ይከርም እንደነበር ራሳቸው ነግረውኛል።

የጠዋቱ መርፌ በሐኪሙ ቃል ተፈጸመ። ሰዓቱ 1 ሲል ምግብ አልመጣም ነበር። ጠበቁ። ሳህኑ ፊታቸው ሲቀመጥ ስኳራቸውን ለክተው ተወጉ።

ደለስ ላይ በዊልቸር ስለተወሰዱ ረጅሙን ሰልፍ አልቆሙም። ገፊው ሰው ካርዳቸውን አንብቦ ፎርሙን ረዳቸው። እንዲያም ሆኖ ካረፉበት ሰዓት አንስቶ ልጃቸውን እስኪያቅፉ ድረስ ሁለት ሰዓት አለፈ። ከአዲስ አበባው ዘመድ ቤት ወጥተው ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት እስኪገቡ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሆነ። ከደሴ ከተቆጠረ ደግሞ የተሰረዘውን በረራ ሳይጨምር ሁለት ቀን ነው።

ያልሠራው

ወረቀቱ ላይ «አውሮፕላኑ ነዳጅ ሊሞላ ያርፋል፤ አይውረዱ» የሚል መስመር ነበር። እናትየው ግን መነጽራቸውን ከላይ በተቀመጠው ቦርሳ ውስጥ አድርገውት ነበር። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ከእንቅልፋቸው ነቁ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ «አልሐምዱሊላህ ደረስን» ብለው ተነሱ። የወልዲያዋ ልጅ ባትኖር ኖሮ ያ መደናገጥ ይበዛ ነበር። ስለ ማረፊያው በቃል የነገራቸው ሰው አልነበረም። የተጻፈ ነገር ለተጓዡ በቃል ካልተነገረ፣ እሳቸውም ደግመው ካልተናገሩት፣ አልተነገረም ማለት ነው።

ምግቡም በግማሽ ነው የተሳካው። ቀድሞ የታዘዘው የስኳር ሕመምተኛ ምግብ ነው። መጣ። እናትየው ግን ሥጋው ሐላል መሆኑን የሚነግራቸው ሰው ስላላገኙ አልነኩትም፤ ዳቦውንና አትክልቱን ብቻ በሉ። ያዳናቸው ልጅየው በመጨረሻ ሰዓት ቦርሳቸው ውስጥ የጨመረው ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ቆሎ ነው። አሁን ስኳር ላለበት መንገደኛ ሁሉ «የአውሮፕላኑን ምግብ እንደ ተጨማሪ እንጂ እንደ ዋና አትቁጠሩት» እላለሁ።

እግራቸው አበጠ። መተላለፊያው በኩል የተያዘላቸው እንዲራመዱ ነበር፤ እሳቸው ግን ሰው እንዳይረብሹ ብለው ተቀምጠው አደሩ። ሲደርሱ ጫማቸው እንቢ አለ፤ ተረከዙን ረግጠው ነው ዊልቸሩ ላይ የወጡት። እብጠቱ በሁለት ቀን ጎደለ። ከረጅም መቀመጥ የደም መርጋት ሊከተል ስለሚችል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በየሁለት ሰዓቱ መነሳት ወረቀቱ ላይ እንደ መርፌው በሰዓት መጻፍ ነበረበት፤ «አልፎ አልፎ ይነሱ» የሚል ምክር አልበቃም።

ስልኩ ደግሞ ሊያሳስት ደርሶ ነበር። ወንድምየው ስልካቸው ላይ ለሁለቱም መርፌ ደወል ሞልቶ ነበር። አየር ላይ ሳሉ ስልኩ በኢትዮጵያ ሰዓት ቆየ። ዋሽንግተን ኔትወርክ ሲያገኝ በራሱ ወደዚያው ሰዓት ዞረ። የማታ 1 ሰዓቱ ደወል አሁን የሚጮኸው በዋሽንግተን ማታ 1 ሰዓት ነው፤ በእሳቸው ሰውነት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት ነው። እኩለ ቀን ላይ ስልኩ ዝም ባለበት የእጅ ሰዓታቸው 1 አለ። ልጅቷ ወረቀቱን አውጥታ የሐኪሙን መመሪያ አነበበች፣ ስኳሩን ለካች፣ የተጻፈውን አደረገች። ያ ተራ የእጅ ሰዓት ባይኖር መርፌው በ7 ሰዓት ይዘገይ ነበር።

ለሌላ መንገደኛ የሚሆነው

በመጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ መስተካከል አለበት። «በረራው ስንት ሰዓት ነው?» ከማለት «ከቤት በር እስከ ቤት በር ስንት ሰዓት ነው?» ማለት ይሻላል። ምግብ፣ መድኃኒትና ዕረፍት የሚታቀደው በሁለተኛው መልስ ነው። ከወሎ ለሚነሳ ሰው ደግሞ ይህ መልስ የኮምቦልቻን ደመናና የአዲስ አበባን አዳር ይጨምራል። አንድ የሚያስቆጭ ነገር አለ፤ በምድር ክብ ላይ ሲለካ ኮምቦልቻ ከአዲስ አበባ ይልቅ ለዋሽንግተን በ90 ኪሎ ሜትር ገደማ ትቀርባለች። የእኛ መንገደኛ ግን መጀመሪያ 250 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ በርሮ ነው ወደ ሰሜን የሚዞረው።

ትኬት ላይ መነሻና መድረሻ ሰዓት የሚጻፈው በየከተማው ሰዓት ነው። አንዱን ከሌላው በመቀነስ ብቻ የጉዞውን ርዝመት ማግኘት አይቻልም፤ ወደ ምዕራብ ሲኬድ ልዩነቱ ይደመራል፣ ወደ ምሥራቅ ሲመጣ ይቀነሳል። ልዩነቱ ደግሞ በጉዞው ቀን ያለው ነው፤ ትኬቱ በተቆረጠበት ቀን ያለውን መያዝ ያሳስታል። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱን «ጠዋት» ወይም «ማታ» ብሎ በእኛ አቆጣጠር ትኬቱ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ አሁን ለማንም ሰው ትኬት ሳልጽፍበት አልሰጥም። ሲወጣም ባለመኪና የቀጠረው ለስንት ሰዓት እንደሆነ እጠይቃለሁ።

መድኃኒት ያለው ሰው ወረቀቱን ይዞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። እዚህ የጻፍኩት የእሳቸው ጉዳይ ነው፤ የሌላው ሰው መጠንና ሰዓት ሌላ ነው።

መልሱ

እናትየው የሚመለሱት በጥቅምት መግቢያ ነው። አውሮፕላኑ ከደለስ የሚነሳው በዚያ አገር ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ እዚህ ማታ 12 ሰዓት ይሆናል። በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት አካባቢ ቦሌ ይደርሳል። ጉዞው ያጥራል፣ ችግሩ ግን ይለወጣል። ወደ ምሥራቅ ሲመጣ ቀኑ በ7 ሰዓት ስለሚያጥር ሁለቱ መርፌዎች ይቀራረባሉ፤ ሲሄዱ ያሰጋው መዘግየት ነበር፣ ሲመለሱ የሚያሰጋው የስኳር መውረድ ነው። የመሄጃው ወረቀት ለመልሱ አያገለግልም። ልጅቷ እዚያ ካለ ሐኪም አዲሱን ታጽፋለች፤ ወንድምየው የኮምቦልቻውን በረራ ለማግስቱ ይዞታል፤ ስለ እግር መነሳቱ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ የሚል መስመር ገብቷል። መነጽሩ በአንገት ማንጠልጠያ እንዲሆን እናትየው ራሳቸው ናቸው ያዘዙት።